ዕቅድ ሲወጠር የት ላይ ነው የሚበጠሰው?

ሚዛን፦

ሰላም ጓዶች። («ጓዶች» ያልኩት ለርዕሱ ክብር ነው፣ አትደንግጡ።)

ሰሞኑን ስለ ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሳነብ አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

ዕቅዱ ሲረቀቅ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው መነሻ የሚሉት ነው፣ ለዘብ ያለ። ሁለተኛው «ምርጡ» ይባል ነበር። ይኼኛው የሚሠራው ሁሉ ነገር ከቀናው ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እህል ካልከዳ፣ ከውጭ ጋር ያለው ንግድና ብድር ከሰመረ፣ የመከላከያ ወጪ ካልናረ። በ1929 ግንቦት የጸደቀው የትኛው ይመስላችኋል? ሁለተኛው። ያም አልበቃም። በ1928 የሚመረተው ጥሬ ብረት 3.3 ሚሊዮን ቶን ነበር። ምርጡ ረቂቅ 10 ሚሊዮን ይሁን አለ። ትንሽ ቆይቶ 17 ሚሊዮን ተባለ። «አምስቱን በአራት» የሚል መፈክር ወጣ። በ1932 የተገኘው 6.2 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይቺን ቁጥር ሁለት ሰው ለየቅል ያነባታል። አንዱ «ከ17ቱ ሲሶውን ትንሽ አለፍ ብለዋል፣ ይህን ዕቅድ አይሉትም» ይላል። ሌላው «በአራት ዓመት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኢንዱስትሪ የት አይታችኋል?» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ዕቅድ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሰውን መግፋት ነው፣ «እዚያ መድረስ አለብን» ማለት። ሁለተኛው እጅ ላይ ያለውን መደልደል ነው። ይህን ያህል ብረት ለሐዲድ፣ ይህን ያህል ለትራክተር። የመጀመሪያው ሥራ ትልቅ ቁጥር ይወዳል። ሁለተኛው የሚወደው እውነተኛ ቁጥር ነው። 17 ሚሊዮን ብለህ ሰው ትገፋበት ይሆናል። 17 ሚሊዮን ብለህ ብረት ማደል ግን አትችልም፣ የለማ! ችግሩ ሁለቱን ሥራ በአንድ ቁጥር ላይ መጫን ነው እላለሁ። እስቲ ተቹኝ።

ፈጣኑ፦

ሚዛን፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን የዘመኑን ስጋት ዘለልከው። ስታሊን በየካቲት 1931 ለኢንዱስትሪ ኃላፊዎች ሲናገር፣ ካደጉት አገሮች ከ50 እስከ 100 ዓመት ወደኋላ ቀርተናል፣ ይህን በ10 ዓመት ካልሸፈንነው ያደቁናል ነው ያለው። እስቲ ቁጠር። አሥር ዓመት ከአራት ወር። ሰኔ 1941 ጀርመን ገባች።

በኡራል ያለው የማግኒቶጎርስክ ብረት ፋብሪካ በ1929 ግንባታው ገና መጀመሩ ነበር። በ1932 መጀመሪያ ላይ ብረት አቀለጠ። እነዚያ የኡራል ፋብሪካዎች ባይኖሩ ታንኩ ከየት ይመጣ ነበር? ለዘብተኛው ረቂቅ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ስለ ጥንቃቄ የሚጽፍ ሶቪየትም አይተርፍም ነበር።

ሌላ ልጨምር። ጎኤልሮ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቅድ የወጣው በ1920 ነው። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ደቋል፣ ከተሜው ዳቦ አጥቷል። እነሱ 30 የኃይል ማመንጫ እንሠራለን አሉ። እብደት አይመስልም? በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ከታሰበው አቅም አልፈው ሄዱ። ድፍረት የሌለው ዕቅድ የሒሳብ መዝገብ ነው።

ሐረግ፦

ፈጣኑ ወንድሜ፣ ታንኩን ስትቆጥር ሰዉን የት ጣልከው? በ1932 እና በ1933 በዩክሬን፣ በካዛክስታን፣ በቮልጋ ዳር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። እህል ለማሽን መግዣ ወደ ውጭ እየተጫነ። ገበሬው ከብቱን ለኅብረት እርሻ ከማስረከብ አርዶ በላው። የፈረሱ ቁጥር በአራት ዓመት በግማሽ ሲወርድ፣ በፈረሱ ቦታ የሚያርሰው ትራክተር ገና በበቂ አልደረሰም ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

ጎኤልሮን ደግሞ ባታነሳው ይሻልህ ነበር፣ የሚዛን ምስክር ነው። 200 ያህል መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ተቀምጠው የሠሩት ነው። የጊዜ ገደቡ ከ10 እስከ 15 ዓመት። የቱ ጣቢያ የት እንደሚቆም፣ በምን ነዳጅ ወይም በየትኛው ወንዝ እንደሚሠራ ተለይቶ። ግቡ ደፋር፣ ሒሳቡ ጭምት። እንዲህ ያለውን ድፍረት ማን ጠላ?

ቁጥር_ወዳድ፦

ስሜት እናብርድና ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ፋብሪካ 20 አቅራቢዎች አሉት እንበል። ብሎን፣ ቀለም፣ ሽቦ፣ ጎማ፣ መስታወት። አንዱ ከጎደለ ማሽኑ ተጠናቅቆ አይወጣም። እያንዳንዱ አቅራቢ በቀኑ የማድረስ ዕድሉ 95 ከመቶ ነው። ጎበዝ አቅራቢ ነው፣ አይደል? ታዲያ 20ውም አንድ ላይ በቀኑ የመድረሳቸው ዕድል ስንት ነው? 36 ከመቶ። 0.95ን 20 ጊዜ እርስ በርስ አባዙት፣ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዕቅዱን ወጠር አድርጉትና የእያንዳንዱ ዕድል ወደ 90 ይውረድ። የሁሉም አንድ ላይ ወደ 12 ይወርዳል። ላላ አድርጉትና ወደ 99 ይውጣ። 82 ይሆናል። አምስት ነጥብ ስትወጥር አምስት ነጥብ አይደለም የምታጣው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ነው። ለዚህ ነው የተወጠረ ዕቅድ እያነከሰ የማይሄደው፣ አንዴ ነው የሚተኛው።

የሶቪየቱ የዕቅድ ኮሚሽን፣ ጎስፕላን፣ ይህን የሚያስታርቀው «የቁሳቁስ ሚዛን» በሚባል ሰንጠረዥ ነበር። በአንድ በኩል የሚመረተው፣ ከውጭ የሚገባው፣ መጋዘን ያለው። በሌላ በኩል ፈላጊው ሁሉ። ብረት ከጨመርክ የድንጋይ ከሰል ትጨምራለህ። ከሰል ከጨመርክ ለጉድጓዱ የድጋፍ እንጨት፣ ለጭነቱ ባቡር። ባቡሩ ደግሞ ተመልሶ ብረት ይልሃል። ይህን በእጅ እየደመሩ ስንት ዙር መሄድ ይቻላል? ቀኑ ሲደርስ አቋራጭ ይፈለጋል። «አንድ ማሽን ለመሥራት ከእንግዲህ ባነሰ ብረት ተጠቀሙ» የሚል መመሪያ ይጻፋል። ሰንጠረዡ ይገጥማል። ብረቱ ግን አልጨመረም። የፓርቲው መሪ ቡኻሪን በ1928 በፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ ላይ የዛሬን ፋብሪካ በነገ ጡብ መገንባት አይቻልም ብሎ የጻፈው ይህንኑ አይቶ ነው። በኋላ የደረሰበትን ታውቃላችሁ፣ ተረሸነ።

ዝምተኛው፦

በነገራችን ላይ ያን ጊዜ በዕቅድ ሠራተኞች መካከል ይነገር ነበር የሚባል ቀልድ አለ። ለዝቅተኛ ዕድገት ከመታሰር ለከፍተኛ ዕድገት መቆም ይሻላል ይላል። እውነትም ጭምት ትንበያ ያወጡት የጎስፕላኑ እነ ግሮማን በ1931 ችሎት ቀረቡ። ኢኮኖሚስቱ ኮንድራቲየቭ በ1930 ታሰረ፣ በ1938 ተረሸነ። ከዚያ ወዲያ ማን ነው ትንሽ ቁጥር ይዞ ስብሰባ የሚገባው?

ጋሼ_ዕቅዱ፦

ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የዕቅድ ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ያስተማረኝ ጠረጴዛው ነው።

በየዓመቱ ከላይ ወረቀት ይመጣል። «የመጪውን ዓመት ዕቅዳችሁን ላኩ።» ሥራ አስኪያጃችን ይጠራኝና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል። «አምና ስንት ሠራን?» አምና የሠራኸው የዘንድሮ ወለልህ ነዋ። አምና 108 ከመቶ ከሠራህ ዘንድሮ ከዚያ ላይ ይጀመርና ጥቂት ይጫንብሃል። ስለዚህ ብልጥ ሥራ አስኪያጅ 108 እየቻለ 102 ላይ ይቆማል። ቦነሱ አይቀርበትም፣ ወለሉም አይሰቀልበትም። ሶቪየቶቹ «ከተደረሰበት ተነስቶ ማቀድ» ይሉታል። በሽታው አንድ ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ በሸራ የተሸፈነ የብረት ዘንግ ክምር ነበረን። መዝገብ ላይ የለም። ኦዲተር ይመጣል ሲባል ሸራው ላይ አሮጌ ጎማ ይጣልበታል። ጠባቂው እንኳ ሲያልፍ ወደዚያ አያይም ነበር። ሌቦች ስለሆንን አይደለም። አቅራቢ ሲዘገይ ሥራ እንዳይቆም ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ሸራ አለው ብላችሁ አስቡ። ከላይ «ብረት የለም» ይባላል። ብረቱ ግን ሸራ ሥር ተኝቷል።

ስለዚህ ጥንቃቄ ጠፋ አትበሉ። ጥንቃቄ ሞልቷል። ችግሩ መደበቁ ነው።

ከወሩ ደግሞ 20 ቀን እንተኛለን፣ 10 ቀን እንሞታለን። በዚያ 10 ቀን የተሠራውን ዕቃ ለቤቴ አልገዛውም ነበር።

ማኅደር፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

ስለ ሪያዛን የሰማ አለ? ከሞስኮ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ክፍለ ሀገር ነው። ክሩሽቾቭ በሥጋና በወተት አሜሪካን እንቅደም ብሎ የተነሳበት ጊዜ ነበር። የክፍለ ሀገሩ የፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ አሌክሲ ላሪዮኖቭ ቃል ገባ። ለመንግሥት የምናስረክበውን ሥጋ በአንድ ዓመት ሦስት እጥፍ አድርገን በ1959 150,000 ቶን እናቀርባለን አለ። ጋዜጣው አራገበ። ሥጋው ገና ሳይቀርብ፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ ክፍለ ሀገሩ የሌኒን ኒሻን ተሸለመ።

ከዚያ ቢላው ወጣ። መጀመሪያ ለሥጋ የሚደልበው ታረደ። ቀጥሎ የምትታለበው ላም። ቀጥሎ ለዘር የተያዘው። ቀጥሎ ገበሬው በጓሮው ያሰራት። እሱም አልበቃ ሲል ከጎረቤት ክፍለ ሀገሮች ከብት ተገዛ፣ ለማሽንና ለግንባታ በተያዘ ገንዘብ። ታኅሣሥ ላይ 150,000 ቶኑ ሞላ። ላሪዮኖቭ የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተባለ። ለ1960 ደግሞ 180,000 ቃል ገባ። የቀረበው 30,000 ቶን ገደማ ነው። ከብት ከየት ይምጣ? ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ፣ ራሱን እንዳጠፋ ይነገራል።

ልብ በሉ፣ የ1959 ዕቅድ ተሳክቷል እኮ! ሚዛን፣ ያንተ ሁለት ሥራ የምትለው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ይህን ታሪክ አይነካውም። እዚህ ቁጥሩ አልዋሸም፣ ሥጋው ተመዝኖ ገብቷል። የተበላው መጪው ዓመት ነው። ብረት ቢጎድል ዘንድሮ ጎደለ፣ ከርሞ ታመርተዋለህ። የታረደች ጊደር ግን ከርሞ አትወልድም። እኔን ከ«ስንት» ይልቅ የሚያሳስበኝ «ምን ላይ» ነው። በሚመለስ ነገር ላይ ድፈር። በማይመለስ ነገር ላይ ቆጥብ።

ዝምተኛው፦

ላም አለኝ በሰማይ ይባላል። እነዚህ ደግሞ መሬት ላይ የነበረችውን ላም ወደ ሰማይ ላኳት።

ሚዛን፦

ማኅደር፣ ተቀብያለሁ፣ የጎደለኝ እሱ ነበር።

የቻይናው «ታላቁ ዝላይ» የእኔንም የአንተንም ነጥብ በአንድ ላይ የያዘ ነው። በ1956 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቹ ኤን ላይና የኢኮኖሚው ኃላፊ ቸን ዩን የግንባታው ሩጫ ከአቅም በላይ ሆነ ብለው ፍሬን ያዙ። ሠራላቸው። በ1958 መጀመሪያ ግን ማኦ ፍሬን መያዙን ራሱን እንደ ፖለቲካ ስህተት ቆጠረባቸው። ቹ ኤን ላይ ግለ ሂስ አደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍሬን ስለረገጠ ግለ ሂስ ካደረገ የወረዳው ካድሬ ምን ያድርግ?

በ1957 የብረት ምርት 5.35 ሚሊዮን ቶን ነበር። በአንድ ዓመት እጥፍ ይሁን፣ 10.7 ሚሊዮን ተባለ። ገበሬው እህሉን ማሳ ላይ ትቶ ጓሮ በተሠራ እቶን ድስቱንና ማረሻውን ያቀልጥ ጀመር። ሪፖርቱ ሞላ። ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊዮን ቶኑ ለምንም የማይሆን ነበር።

እህሉ ከብረቱ ይብሳል። የ1958 ምርት 375 ሚሊዮን ቶን ነው ተብሎ ተነገረ። በኋላ ሲጣራ 200 ሚሊዮን ሆነ። መንግሥት ድርሻውን የወሰደው ግን ከተወራው ላይ ነው። የውሸት ሪፖርት ወረቀት ላይ ቢቀር ምን ነበረበት። እግር አውጥቶ መጥቶ ጎተራ ይከፍታል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ደኋይ በ1959 ሉሻን ላይ በተደረገው የፓርቲ ስብሰባ ለማኦ በደብዳቤ ቢናገር ከሥልጣኑ ተነሳ። ሊበርድ የነበረው ዘመቻ እልህ ያዘውና እንደገና ተቀጣጠለ። ረሃቡ እስከ 1961 ዘለቀ። የሟቹ ቁጥር ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገመታል።

ፈጣኑ፦

እሺ። በሬሳ ላይ አልከራከርም፣ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ግን ጥንቃቄንም ጻድቅ አታድርጉት። የብሬዥኔቭን ዘመን እዩ። ዕቅድ ሊጎድል ሲል ዓመቱ ሳያልቅ ግቡ ራሱ ዝቅ ይደረጋል። ከዚያ «ዕቅዱ ተሟላ» ይባላል። ሁሉም ሰላም። በ1965 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሲጊን የጀመረው ማሻሻያ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ግሉሽኮቭ የተባለ የኪየቭ የኮምፒውተር ሊቅ ዕቅዱን አገር አቀፍ በሆነ የኮምፒውተር መረብ እናስኪደው ብሎ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወተወተ። በ1970 ፖሊት ቢሮው ዘንድ ቀረበ፣ እንደ ታሰበው ሳይጸድቅ ቀረ። በዚህ ምክንያት የተራበ የለም፣ የታሰረም የለም። ስለዚህ ማንም አያወራውም። ጥንቃቄ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ ያለ ስለሆነ ተጠያቂ የለውም።

ከዚያ ጎርባቾቭ በ1985 «ማፋጠን» ብሎ መጣ። ማሽን ግንባታ ላይ ገንዘብ ይፍሰስ ተባለ። የአልኮል ዘመቻው በአንድ በኩል የበጀቱን ገቢ ቆረጠ፣ በ1986 ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው? ያን ሩጫ ያመጣው ግን የ20 ዓመት እንቅልፍ ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦

እንቅልፉ ላይ እስማማለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የግሉሽኮቭ መረብ የጋሼን ሸራ ያየው ነበር?

የሒሳቡ መንገድ ቀድሞም ነበር እኮ። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ካንቶሮቪች በ1939 የአንድ ኮምፔንሳቶ ድርጅትን ችግር ሲፈታ፣ የትኛው እንጨት በየትኛው ማሽን ቢላጥ ብዙ ይወጣል የሚለውን፣ ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለውን ዘዴ አገኘ። በ1975 ኖቤል ተሸለመበት። የዘዴው ውበት ማነቆው የቱ እንደሆነና አንድ ተጨማሪ የማሽን ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ መንገሩ ነው። ግን የሚነግርህ ከሰጠኸው ቁጥር ተነስቶ ነው። 108 የሚችል ፋብሪካ 102 ብሎ ካስገባ ሒሳቡም አብሮ ይዋሻል፣ ያውም በፍጥነት።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ኩባን አልጠቀሳችሁም። በ1970 10 ሚሊዮን ቶን ስኳር እናመርታለን ብለው መኪናውንም ሰዉንም ወደ ሸንኮራ እርሻ አዘመቱ። 8.5 ሚሊዮን ገደማ ተገኘ። ኩባ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል አምርታ አታውቅም። ሆኖም ውድቀት ተባለ። ሌላው ዘርፍ ሁሉ ተራቁቶ ስለነበር እውነትም ውድቀት ነው። ካስትሮ ሐምሌ 26 አደባባይ ወጥቶ አልተሳካልንም አለ፣ ከፈለጋችሁም ልውረድ አለ። ግቡ 8 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ ያው ምርት በዓል ይደረግለት ነበር ማለት ነው?

ሐረግ፦

ግቡ 8 ቢሆን ያን ያህል ሰውና መኪና ከሌላው ዘርፍ አይነቀልም ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው። በነገራችን ላይ ወጥቶ መናገሩን አደንቃለሁ። ከሉሻን ጋር አስተያዩት።

ሚዛን፦

እንግዲህ ከሁላችሁም ሰብስቤ ሐሳቤን ላስተካክል። አንድ ፋብሪካ ሁለት ቁጥር ይኑረው። አንዱ ቃል ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች የሚተማመኑበት፣ ድልድሉ የሚሠራበት፣ ዝቅ ያለ ቁጥር። ሌላው ምኞት ነው። ከቃሉ በላይ ለተገኘው ሽልማት አለ፣ ለጎደለው ቅጣት የለም፣ የዘንድሮውም ለከርሞ ወለል አይሆንም። ዘርና እርባታ ከውድድሩ ይውጡ። የጋሼ ሸራ ደግሞ ይገለጥ። ብረቱ በግልጽ «መጠባበቂያ» ተብሎ መዝገብ ላይ ይስፈር።

ጋሼ_ዕቅዱ፦

ልጄ፣ ሐሳብህ ንጹሕ ነው። ግን መጠባበቂያውን መዝገብ ላይ ያሰፈርክ ቀን ተበላ። ከላይ አንድ ባለሥልጣን አዲስ ፋብሪካ ልክፈት ይላል። መዝገቡን ይገልጣል። «ይኸው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ብረት» ይላል። ምን ትለዋለህ? ሃንጋሪያዊው ኢኮኖሚስት ያኖሽ ኮርናይ ይህን ነገር አይቶታል። ማንም ሥራ አስኪያጅ ቢከስር መንግሥት እንደሚያድነው ካወቀ የግንባታ ረሃቡ አይጠግብም ይላል። እኛ የምንደብቀው ከኦዲተር ይመስልሃል? ከራሳችን አለቆች ጭምር ነው።

ሐረግ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያውን የሚይዘው ሰው «አይሆንም» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚያድር መሆን አለበት። ቻይና በ1978 እንደገና ልትሮጥ ተነስታ ነበር፣ በ1985 60 ሚሊዮን ቶን ብረት የሚል ዕቅድ ይዛ። በ1979 ያው ቸን ዩን ተመልሶ ግንባታውን አስቀነሰ። ሰውየው በ1956 የነበረው ነው፣ ምክሩም ያው ነው። ያን ጊዜ ገለል ተደረገ፣ አሁን ተሰማ። ይህን በየትኛው የሚዛን ሰንጠረዥ ውስጥ ታስገቡታላችሁ?

ፈጣኑ፦

ይኼን እንኳ እኔም መመለስ አልችልም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅዎ አልተኛም። ሸራው ሥር የነበረው ብረት መጨረሻው ምን ሆነ?

ጋሼ_ዕቅዱ፦

ግማሹ ዛገ። የቀረውን አንድ ዓመት ጎማ አጥተን መኪኖቻችን ሲቆሙ ለጎረቤት ፋብሪካ ሰጥተን በጎማ ለወጥነው። ጎማውን ልረከብ ስሄድ እነሱም ከሸራ ሥር ነው ያወጡልኝ።